ሽታ አልባው ጠርሙስ

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበበ አንባቢ አይቸገር፤ ፍቅር እንደሆነች ከየትኛውም ገጽ ቢጀምሯት ሰው ማንገላታቷ አይቀርም። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ ዳር፣ ቢምቢ ከሰው በሚበዛበት ታች ሰፈር፣ አንዲት ልጅ አለች። ከቅጠልና ከሳር ዘይት እያወጣች የቢምቢ ማባረሪያ ቅባት ስለምትሠራ ሰፈሩ «ቀማሚዋ» ይላታል። በላይ ሰፈር ደግሞ፣ መስኮቱ ሁሉ የሽቦ ወንፊት በለበሰ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ አንድ ልጅ አለ። አባቱ የከተማው የመድኃኒት ርጭት ድርጅት ባለቤት ናቸው፤ እሱም የመርጫ ታንኩን አዝሎ ከሠራተኞቹ ጋር ስለሚዞር «ረጪው» ይባላል። እሷ ቢምቢን በመዓዛ ታባርራለች፣ እሱ በመርዝ ይጨርሳል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ምን ያገናኛቸዋል ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ገና አልያዘውም ማለት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀማሚዋ ከአክስቷ ቤት ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍሏ ውስጥ የሎሚ ሳር እያፈላች ነበር። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ምድጃ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠቆር ያሉ ጠርሙሶች የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የተተከለ ጄራኒየም የሚባል አበባ። ትልቁ ድስት ውስጥ የተከተፈው ሳር ይንተከተካል። መሐሉ ላይ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጧል፤ ክዳኑ ተገልብጦ በላዩ በረዶ ተደርጎበታል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ መልሶ ጠብ ጠብ እያለ ሳህኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ውሃው ሲረጋ ከላዩ ስስ ዘይት ይንሳፈፋል። አንድ ሸክም ሳር አንዲት ማንኪያ ዘይት ቢወጣው ነው። አክስቷ ይህን ሲያዩ «ይሄ ሥራ ሳይሆን ንስሐ ነው» ይላሉ።

ያ ዘይት እንደወረደ ቆዳ ላይ አይቀባም፤ ያቃጥላል። ቀማሚዋ በሱፍ ዘይት ታለዝበዋለች፤ ከዚያ እንደ ሰውየው ሁኔታ ከባህር ዛፉ፣ ከቅርንፉዱ ወይም ከናናው ጠብ ታደርግበታለች። ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት ቅባት ሸጣ አታውቅም። ቆዳም እንደ ጠባይ ነው ባይ ናት። ደንበኛውን ታስቀምጣለች፣ ጠርሙሱን ከመክደኗ በፊት የእጁ አንጓ ላይ ትቀባዋለች፤ አሽትቶ የመጨረሻዋን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። «ቅርንፉዱ በዛ» ካለ ታስተካክላለች፣ «ጥሩ ነው» ካለ ትከድናለች። ያለዚያች ቃል ተከድኖ የወጣ ጠርሙስ የለም።

ረጪው የተያዘውም በዚሁ ወጥመድ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ለሥራ ነበር። የርጭት ቀን ሲደርስ በየቤቱ እየዞረ «መስኮት ዝጉ፣ ምግብ ሸፍኑ» የሚል እሱ ነውና፣ ገርበብ ያለውን የጓሮ በር ገፋ አደረገው። ነጭ እንፋሎት ተቀበለው። ከእንፋሎቱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና፣ አፍንጫዋ ሥር ማንኪያ ይዛ የቆመች ልጅ አየ፤ መልእክቱን ረሳው። ዓይኗን ገልጣ ስታየው ደግሞ ስሙንም ሳይረሳ አልቀረም። ቀማሚዋ ቱታውን አየችና ሳቋ መጣ። ቢምቢ ገዳዩ ቢምቢ ማባረሪያ ሊገዛ መጣ ብላ አስቀመጠችው፤ መርዝ ውስጥ ውሎ የሚያድር አፍንጫ የእሷን ሥራ ይለይ እንደሆነም ጠየቀችው። ከዚያ ለጨዋታ ያህል አንዲት ቃል ጣል አደረገች።

«ሽታ የማይለይ ሰው እኮ ልብም የለውም።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የልጁ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንደ ደረቀ ቀረ፤ እሷ ግን ማንኪያዋን እያጠበች ስለነበር አላየችም። የእጁን አንጓ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ቀና ብሎ ፊቷን አየ፣ አየና «ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይመጣል፤ ቱታውን አውልቆ፣ በጓሮ በር። ያለፈው ሳምንት ጠርሙስ ሳይከፈት ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሌላ ሊገዛ ይመጣል። ሌላው ደንበኛ ስትቀምም እጇን ያያል፤ እሱ ዓይኑን ከፊቷ አይነቅልም። በ«እርስዎ» የጀመረ ጨዋታቸው መቼ ወደ «አንቺ» እንደወረደ ሁለቱም አያስታውሱም። አክስቷ ያን ሰዓት ከፊት ለፊት ባለችው ሱቃቸው ክርና መርፌ ሲሸጡ ስለሚውሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከጓሮ የሚሰማውን ሳቅ «ደንበኛ ነው» በሚል አልፈውታል።

ባለፈው ወር ቀማሚዋ ልቧን በጠርሙስ ሰጠችው። በመስኮቱ ደፍ ያለውን ጄራኒየም የተከሉት እናቷ ናቸው፣ ከመሞታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ። ቅጠሉን ሲያሹት ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል፣ ቢምቢም ይሸሸዋል፤ ግን ለማንም ደንበኛ ቆርጣው አታውቅም። ለእሱ ቆረጠችው። ምንም አላለችውም፤ ልብ ያለው ራሱ ያውቀዋል ብላ ነው። ረጪው አሸተተ፣ እንደ ልማዱ ፊቷን አየ፣ ከወትሮው አብልጦ ዝም አለና «ጥሩ ነው» አለ። በዚያ ዝምታ ገብቶታል ብላ ሳምንቱን ሙሉ ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ከረመች።

ወደ ዛሬው ሐሙስ እንመለስ። ዛሬ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጸጉሩን ተስተካክሏል። ቀማሚዋ የሱፍ ዘይቱን ጠርሙስ ውስጥ ሞልታ፣ ጠብታዎቹን በትንሿ ሲኒ አዘጋጅታ ልታዋህድ ስትል የእግሩን ኮቴ ሰማች፤ ከዚያ በኋላ እጇ የሚሠራውን ልቧ አያውቅም። ረጪው በሩ ላይ እንደቆመ አንድ ነገር ሊነግራት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሸሚዙን አየች፣ ጸጉሩን አየች፣ ጣቶቹ የሸሚዙን ቁልፍ ሲነካኩ አየች። ቅድሚያ ይቅባና ይረጋጋ ብላ ከጠርሙሱ አንጓው ላይ ቀባችው። የራሷንም ቀባች። እጁን ወደ አፍንጫው ሲወስድ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም አላቀረቀሩም።

«ከሁሉም ይሄኛው ይበልጣል» አለ ረጪው። 

ልትናገር አፏን ስትከፍት አክስቷ ከሱቁ ተጣሩ። ረጪው ደንገጥ አለና ነገ በዚህ ሰዓት ተመልሶ እንደሚነግራት ቃል ገብቶ፣ ጠርሙሱን የደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ቀማሚዋ አክስቷን አስተናግዳ ስትመለስ ክፍሏ የእሷ ክፍል አልመስል አላት፤ ሁሉ ነገር የሚስቅ መሰላት። እየዘፈነች ጠረጴዛውን ልትወለውል ጨርቅ አነሳች። ከጨርቁ ሥር ትንሿ ሲኒ ነበረች። ጠብታዎቹ ሳይነኩ እንዳሉ አሉ።

ዘፈኑ አፏ ውስጥ ቀረ። የእጇን አንጓ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ሳበች። ምንም የለም። የወጥ ቤት ዘይት ብቻ። ከሁሉም ይበልጣል ያለው ይሄንን ነው። እንግዲህ የእናቷ ጄራኒየምም፣ ይሄ ባዶ ዘይትም፣ ለእሱ አንድ ነበሩ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና የሲኒዋን መዓዛ ብቻዋን እየሳበች አለቀሰች።

＊

በማግስቱ ረፋድ ላይ አክስቷ በሙቅ ውሃ ጠርሙስ እያጠቡ፣ እሷ እየተቀበለች ጨርቅ ላይ ትደፋለች።

«አልቅሰሻል» አሉ አክስቷ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሽንኩርት ነው፣ እቴቴ።»

«ሽንኩርትም የቢምቢ መድኃኒት ሆነ እንዴ?»

አክስቷ አባብለው የማያወጡት ምስጢር የለም። ቀስ በቀስ ሁሉን አወጣችላቸው፤ ሐሙሱን፣ ጄራኒየሙን፣ ባዶውን ዘይት። መጨረሻ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ ስትናገር አክስቷ የያዙት ጠርሙስ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ተመለሰ።

የአክስቷ ቂም ያለ ነገር አልነበረም። ከዓመታት በፊት ጉንፋን ጥሏቸው ተኝተው ሳለ የርጭት መኪናው ያለ ማስጠንቀቂያ በደጃቸው አለፈ፤ ጉሙ በተከፈተው መስኮት ገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረታቸው ያፏጫል፤ ከገበያ ሲመለሱ ቁጭ ብለው ሳይተነፍሱ አንዲት ቃል አያወጡም። ድርጅቱ ቢሮ ሄደው ሲያመለክቱ አንዱ ጸሐፊ በመስኮት መኪናውን አሳያቸው። ጎኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለቢምቢ ሞት፣ ለሰው ሰላም» ተጽፏል። ሌላ መልስ አላገኙም። ርጭቱም፣ ቢምቢ ለማባረር የሚጨሰው ጭስም የማይስማማቸው ሆነው፣ ቢምቢውም እንቅልፍ ሲነሳቸው፣ የእህታቸው ልጅ ቅጠል በቅጠል እየሞከረች ወደዚህ ሙያ የገባችው ስለ እሳቸው ነው። ይሄን ሁሉ ቀማሚዋ ታውቃለች። እያወቀች ነው የደበቀቻቸው።

አክስቷ አልተቆጧትም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የሀብታም ልጅ ሊጫወትባት እንደመጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆንም ባዶ ዘይት አሽትቶ እንዳሞገሰ እያወራ ሳይስቅባት እንደማይቀር ነገሯት። ደግሞም ነገ ጠዋት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ሱቅ የሚቀመጥ ሰው ወሬ አያመልጠውም፤ አባቱ በሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍተው ልጃቸውን ኃላፊ አድርገው ሊልኩት መኪና እያስጫኑ ነው። ቀማሚዋ ነጩን ሸሚዝ አስታወሰች። ለካ የመሰናበቻ ሸሚዝ ነው። የቀሩትን ጠርሙሶች ደፍታ ጨረሰች።

በቀጠሮው ሰዓት ረጪው መጣ። በሩ ተቀርቅሮ ነበር። ቀስ ብሎ አንኳኳ፣ ጠበቀ፣ እንደገና አንኳኳ። ቀማሚዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ በጠባቧ ክፍተት ታየዋለች። ዛሬ ያው ነጭ ሸሚዝ ነው፣ ግን ተጨማድዷል። ሲታክተው ወደ ተከፈተው መስኮት ጠጋ አለ፤ እሷን አላያትም። ከደፉ ላይ ካለው ጄራኒየም አንድ ቅጠል ቀጠፈና በጣቶቹ አሸው።

ያንን ሽታ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማችው፤ እናቷ የገቡ ይመስል ክፍሉን ሞላው። እሱ ጣቶቹን አፍንጫው ላይ አድርጎ በረጅሙ ሳበ። ጠበቀ። እንደገና ሳበ፣ ትከሻው እስኪነሳ። ሰው የሌለበትን ቤት የሚያንኳኳ ሰው እንዲያ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ጣቶቹን ሱሪው ላይ ጠረገና ግንባሩን የመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደገፈ።

ቀማሚዋ ንዴቷን ፈለገች፤ ከቅድሙ ቦታው አጣችው። ሊስቅባት የመጣ ሰው ማንም ሳያየው እንዲህ አይሆንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እሷ ግን ነገ ጠዋት የሚሄድ ሰው ላይ የምታሳድረው ቀን አልነበራትም። መቀርቀሪያውን ሳበች።

＊

አስገባችው እንጂ እጅ አልነሳችውም። ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት፤ ጠረጴዛው ላይ ጠርሙሶች ደርድራ ከፈተች። ከሱቁ በኩል የአክስቷ ወንበር ሲጢጥ ሲል ተሰማ፤ በሱቁ በኩል ባለው በር መጋረጃ ሥር የነጠላ ጫማቸው አፍንጫ ብቅ ብሏል። ውጭው መደብዘዝ ጀምሯል፤ የሐይቁ ቢምቢ የሚነሳበት ሰዓት ነው።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችው።

ረጪው ጠርሙሶቹን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ከፊቱ ደም ሸሸ። «ሌላ የፈለግሽውን እዘዢኝ» አለ። «ዓይኔን አታስጨፍኚኝ።»

«ለምን?»

«እባክሽ።»

«ጨፍን አልኩህ።»

ጨፈነ። ከጠርሙሶቹ አንዱን አንስታ አፍንጫው ሥር ያዘች፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋው እንኳ ይሄ ሊጠፋው አይገባም፤ በየሐሙሱ ክፍሉን የሚያጥለቀልቀው የሎሚ ሳር ነው። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ዝም አለ። ሌላውን አነሳች፤ ጄራኒየሙን። ጠርሙሱ የላይኛውን ከንፈሩን ነካው።  የተጨፈኑት ሽፋሽፍቶቹ መርጠብ ጀመሩ።

«ጥሩ ነው አትልም?» አለች። ምሬቷን ልትሸሽገው አልሞከረችም። «አፍህ ለምዶት የለ?»

ሦስተኛውን ስታስጠጋለት ልጁ በድንገት ቀና አለ። እስትንፋሱን ሳበ፤ ሳበና «ናና» አለ። «ይሄ ናና ነው። ይቀዘቅዛል።»

«ይሸታል እንጂ ይቀዘቅዛል ይባላል እንዴ?»

ረጪው ዓይኑን ገለጠ። «ሌላ ነገር የለውም፤ ለእኔ ይቀዘቅዛል ብቻ» አለ። «ሽታ አይሸተኝም። ምንም አይሸተኝም። ከዓመታት ጀምሮ።»

ቀማሚዋ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

ታሪኩን ሲነግራት ጠረጴዛውን እያየ ነበር። መጋዘን ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ በጉሙ መሐል ተዘግቶበት ነበር። ታሞ ሲነሳ ሳሙናው ሳሙና አልሸት አለው፤ ጢሱም፣ ዝናብ የመታው መሬትም። አባቱ ማንም እንዳይሰማ አስማሉት፤ የባለቤቱ ልጅ አፍንጫ በርጭት ጠፋ ከተባለ መኪናው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማን ያምናል? እሱም አፉን ዘጋ። የቻለው አንድ ነገር ነበር፤ ከርጭቱ በፊት በየቤቱ እየዞረ መስኮት ዝጉ ማለት። አባቱ ጊዜ ማባከን ነው እያሉ ዛሬም ይከራከሩታል።

«ለእኔስ?» አለች። «ለእኔ መንገር አቃተህ?»

«የመጀመሪያው ቀን ሽታ የማይለይ ሰው ልብም የለውም አልሽኝ።» ፈገግ ሊል ሞከረ። «ልብ እንዳለኝ ያወቅኩት ደግሞ የዚያኑ ቀን ነው። ልነግርሽ በየሐሙሱ መጣሁ፤ በየሐሙሱ ጠርሙስ ይዤ ተመለስኩ።»

ቀማሚዋ ያንን ቃል አስታወሰችው፤ ማንኪያ እያጠበች ነበር የተናገረችው። 

«ታዲያ ምን እያልክ ነው ጥሩ ነው የምትለው? በምን ታውቀዋለህ?»

«ፊትሽን አይቼ።»

«ፊቴን?»

«የሎሚ ሳር ሲሆን ቅንድብሽ ከፍ ይላል። ባህር ዛፍ ላይ ትኮሳተሪያለሽ። ቅርንፉድ ያስቅሻል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ግን ከንፈርሽ ይቀድምሻል። እኔ ሽታውን አጥቼ ስንት ዓመት ነው፤ ከአንቺ ፊት ላይ መልሼ አገኘሁት። ለዚህ ነው ዓይኔን አታስጨፍኚኝ ያልኩሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ወር ደግሞ አንድ ነገር አሸተትሽና፣ የናፈቀችው ሰው በር ላይ የቆመላት ሰው ፊት ሆነ ፊትሽ። ምን እንደሆነ ልጠይቅሽ ፈራሁ።»

«ጄራኒየሙ ነው» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ ነበር። «የእናቴ ነው። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

ረጪው በጣቶቹ የታሸውን ቅጠል ያስታወሰ ይመስል እጁን ተመለከተ።

«ትናንትስ?» አለች ቀማሚዋ፤ ይቺን ሳታወጣ እንቅልፍ የላትም። «ትናንት ምንም አልነበረበትም። ደንግጬ ባዶ ዘይት ነው የቀባሁህ። ከሁሉም ይበልጣል አልክ።»

«ባዶ ነበር?»

«ባዶ።»

ልጁ ለአፍታ ግራ ተጋባ። ከዚያ የገባው ሰው ፈገግታ ቀስ ብሎ ፊቱን ሞላው።

«ትናንት ጠርሙሱን አላሸተትሽውም» አለ። «እኔን ነበር የምታዪው። እንዲያ ያለ ፊት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ምን ቀምማ ይሆን ብዬ ገረመኝ። ከሁሉም ይሄኛው ይበልጣል አልኩ፤ አሁንም እላለሁ።»

 ለባዶ ዘይት ያለቀሰችው ለቅሶ፣ ባዶ ያልነበረውን ነገር ራሷ እንደሰጠችው ሳታውቅ ነበር። እጇን ሰደደችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን ያዘች፤ እሱም ጥብቅ አድርጎ ያዛት።

መጋረጃው ተገለጠ። አክስቷ ደረታቸው እያፏጨ ገቡ፤ ረጪው ተነስቶ እጅ ነሳና አንገቱን ደፋ። አክስቷ ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«ከርጭቱ በፊት መስኮት ዝጉ እያለ የሚዞረው ድምፅ ያንተ ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መስኮቴን እየዘጋሁ ይሄው እስከ ዛሬ አለሁ። ማንነቱን ሳላውቅ ስመርቀው ኖሬያለሁ።» ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የእኔን ትንፋሽ የወሰደው፣ የአንተንም አፍንጫ ወስዶታላ።»

ስለ አባቱ ይቅርታ ሊጠይቃቸው ጀመረ፤ አክስቷ አላስጨረሱትም። ይቅርታው የአባቱ ዕዳ እንደሆነ፣ አባቱ ራሳቸው ይዘውት እንዲመጡ ነገሩት። ረጪው ነገ ጠዋት መኪናው ላይ እንደማይወጣ፣ ዛሬውኑ ገብቶ እውነቱን በሰው ፊት እንደሚናገር ለአባቱ እንደሚነግራቸው ተናገረ። ሲናገር እጁ የቀማሚዋን እጅ አልለቀቀም። ከቤት ሊያስወጡት እንደሚችሉ ያውቃል፤ ቀማሚዋም ይሄንን ድምፁ ውስጥ ሰማችው።

«ታች ሰፈር ቢምቢ ሞልቷል እንጂ ቦታ አልጠፋም» አሉ አክስቷ። ተነስተው ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው አከሉ፦ «ልጁን ቢምቢ እየበላው ነው። ቀቢውና ተጫወቱ።»

እውነትም እየበላው ነበር። ቀማሚዋ በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ ትናንት የሰጠችውን ባዶ ጠርሙስ እንዲሰጣትና ጠብታዎቹን እንድትጨምርበት እጇን ዘረጋች። ረጪው የደረት ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ቢምቢው ይጨርሰኝ እንጂ ይሄን አልሰጥም» አለ። «ምንም እንዳትጨምሪበት።»

ስለዚህ ሌላ ጠርሙስ አወጣች። ናናውን ከወትሮው አብዝታ ጠብ አደረገች፤ ይቺን ብቻ እንኳ ያግኛት ብላ። ከዚያ ከጄራኒየሙ ጨመረች። የእጁን አንጓ ይዛ ቀባችው፣ ቅዝቃዜው ወደ ክንዱ ሲወጣ ተሰማውና እስትንፋሱን ያዘ። የመጨረሻዋን ቃል ጠበቀች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ረጪው። «አንቺ አሽቺውና ንገሪኝ።»

ቀማሚዋ አንጓውን ወደ ፊቷ አቀረበች፣ ዓይኗን ጨፈነች። በሕይወቷ ሽታን በቃል ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ቃሉን ፈለገች።

«ጠዋት ነው» አለች። «እናቴ መስኮት እየከፈተች ነው። ሌሊቱን ዘንቧል። እኔ ገና ከአልጋ አልወረድኩም፤ እሷ ግን የነቃሁ መሆኔን አውቃ ትስቃለች።»

ዓይኗን ስትገልጥ እሱ እያያት ነበር። ውጭው ጨልሟል፤ ቢምቢዎቹ መስኮቱ ላይ ይዘምራሉ። ጠርሙሱን መክደን ሁለቱም አላስታወሱም።